የቦሌ መንደርደሪያና የአቃቂ ቃሊቲ ድርሻ

«ፀሐይ» የተሰኘችው አነስተኛ አውሮፕላን ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ በጣሊያን ከቆየች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷ ይታወሳል። በወቅቱ መገናኛ ብዙኃን በስፋት ያነሡት የአውሮፕላኗን ስያሜና የተሠራችበትን ዘመን ነበር፤ የተሠራችበት ስፍራ ግን እምብዛም አልተወሳም። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነትና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተሳትፎ የተገጣጠመችው ፀሐይ የአቃቂ ሥራ ናት። ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሥር የሚገኘው ይህ ምድር በ1928 ዓ.ም. የአገሪቱ አውሮፕላኖች የሚያርፉበትና የሚጠገኑበት ሜዳ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በወራሪው ጦር አውሮፕላኖች ተደብድቧል።

አቃቂ ለአውሮፕላን ማረፊያነት የሚስማማበት ምክንያት ካርታ ለሚመለከት ሁሉ ግልጽ ነው። ከመዲናዋ በስተሰሜን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ይነሣል። በስተምዕራብ ወጨጫ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የረር ቆመዋል። ሰማዩም ምድሩም ሰፋ ብሎ የሚከፈተው ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ሜዳው ጥቁር አፈር ነው። ገበሬው መረሬ የሚለው ይህ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጨቀያል፣ የረገጠውንም ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ስለሆነም በዚያ ዘመን አውሮፕላን መነሣት አለመነሣቱን የሚወስነው አብራሪው ብቻ አልነበረም፤ ሰማዩና አፈሩም ድምፅ ነበራቸው።

ከዘጠና ዓመታት በኋላ ማረፊያው ወደ ቦሌ ተዛውሯል፤ መሬቱም በአስፋልት ተሸፍኗል። ሆኖም የሰማዩና የምድሩ ድምፅ አልጠፋም። ይህ ጽሑፍ የአየር ጠባይና የመንደርደሪያ ሁኔታ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚያሳድሩትን ተጽዕኖ ይመለከታል። ጉዳዩ የአብራሪዎችና የመሐንዲሶች ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው ብሎ ያምናል። ከማረፊያው አጥር ውጭ፣ በተለይም በስተደቡብ በሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ፣ በወረዳና በክፍለ ከተማ ጠረጴዛ ላይ የሚፈረሙ ውሳኔዎች በመንደርደሪያው ደኅንነት ውስጥ ድርሻ አላቸው።

በቅድሚያ የቦሌን ተፈጥሯዊ ሁኔታ መረዳት ያስፈልጋል። የልደታ ማረፊያ የጄት አውሮፕላኖችን ማስተናገድ ባለመቻሉ ቦሌ ተገንብቶ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ቢ አውሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ማረፊያው ትይዩ የሆኑ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት፤ አንደኛው 3,800 ሜትር፣ ሁለተኛው 3,700 ሜትር ይረዝማሉ። ርዝመታቸው ለጎብኚ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ማረፊያው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ክንፍን የሚሸከመው አየር ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየርን ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይዳከማሉ።

ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ችግሩ ይከፋል። ዓለም አቀፉ የአየር መለኪያ ሥሌት ለዚህ ከፍታ የሚሰጠው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ የአየሩ ስስነት በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይስተካከላል። በቀላል አነጋገር፣ በዚያ ሰዓት ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን በሥሌት ረገድ ከእንጦጦ አናት እንደሚነሣ ይቆጠራል።

ይህ በገንዘብ የሚተመን ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በተለያዩ ዓመታት በሮም ወይም በደብሊን ነዳጅ ለመሙላት ያርፍ እንደነበር ተጓዦች ያውቁታል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ወደ ምዕራብ በሚደረገው ጉዞ ከፊት የሚነፍሰው ነፋስ ድርሻ ቢኖረውም፣ ዋነኛው ምክንያት ከቦሌ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት አዳጋች መሆኑ ነው። የአየር መንገዱ ረጃጅም በረራዎች በአብዛኛው በሌሊት እንዲነሡ የተደረገው ለመንገደኞች መገናኘት ቢሆንም፣ ቀዝቃዛው የሌሊት አየር የራሱ በረከት አለው። አንድ የሙቀት ዲግሪ በትክክል መለካቱና በወቅቱ መድረሱ ስንት ኪሎ ግራም ጭነት እንደሚጫን ይወስናል። የሙቀት መለኪያ የሚያነብብ የሚቲዎሮሎጂ ታዛቢ ሥራ ከወጪ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመነሣት ይልቅ ብዙም የማይወራለት ማረፍ ነው። አንድ አውሮፕላን በመለኪያው 145 ኖት እያሳየ ለማረፍ ሲቃረብ፣ በባሕር ወለል ላይ ቢሆን ነፋስ በሌለበት ሁኔታ መሬቱን የሚነካው በሰዓት 268 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። በቦሌ መለኪያው ያንኑ 145 እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት በሞቃት ቀን 310 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ የሚመጣው መለኪያው የሚያነብበው የአየሩን ግፊት እንጂ መሬቱን ባለመሆኑ ነው። ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግም ጭማሪው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ክረምቱን እንጨምር። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና መቆለሉ፣ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ መውረዱ ለከተማው ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ለመንደርደሪያው ግን ዋናው ጥያቄ ዝናብ መዝነቡ ሳይሆን በወለሉ ላይ የሚተኛው ውሃ ጥልቀት ነው። ዓለም አቀፉ ወሰን 3 ሚሊ ሜትር ነው። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው «እርጥብ» ይባላል። ከዚያ ካለፈ «የተኛ ውሃ» ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም እጅግ ሰፊ ነው።

ምክንያቱን የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረገው ጥናት አሳይቷል። ውሃው ከጎማው ሥር ለመሸሽ ጊዜ ሲያጣ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ፍሬን ቢረገጥም አይዝም። ይህ የሚጀምርበት ፍጥነት በጎማው ግፊት ይወሰናል። በካሬ ኢንች 200 ፓውንድ ግፊት ላለው ጎማ ስሌቱ የሚሰጠው በሰዓት 235 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሁን ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት ቁጥሮች እናስታውስ። በባሕር ወለል ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ከዚህ ወሰን በላይ የሚቆየው ፍጥነቱን በ33 ኪሎ ሜትር እስኪቀንስ ድረስ ነው። በቦሌ የሚያርፈው ግን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መቀነስ ይኖርበታል። አንድ ዓይነት ዶፍ በሞምባሳና በአዲስ አበባ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

ውሃው እንዳይተኛ የሚያደርገው የመንደርደሪያው ቅርጽ ነው። ወለሉ ከመካከል ወደ ሁለቱ ጠርዞች በአንድ ተኩል በመቶ ገደማ እንዲያዘነብል ይደረጋል። 45 ሜትር ስፋት ባለው መንደርደሪያ ላይ ይህ ከመካከል እስከ ጠርዝ 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህች ጥቂት ተዳፋት ከሥር ባለው አፈር ማበጥና መቀነስ ከተዛባች ውሃው መንገዱን ይስታል። በቦሌና በአቃቂ ሜዳ ያለው መረሬ መሐንዲሶችን የሚያሳስበው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም በየዕለቱ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ጎማ በመንደርደሪያው ጫፍ ላይ የላስቲክ ቅባት ጥሎ ያልፋል። ቅባቱ በወቅቱ ካልተፋቀ እርጥበት ሲነካው ያዳልጣል።

ይህንን ሁሉ ለአብራሪው በአንድ ቋንቋ ለማስረዳት ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ያዘጋጀው የዘገባ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መንደርደሪያው በሦስት እኩል ክፍሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ከ6 እስከ 0 ነጥብ ይሰጠዋል። ደረቅ 6 ነው፤ እርጥብ 5፤ ሲረጥብ የሚያዳልጥ ተብሎ የተለየ ወለል 3፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውሃ የተኛበት 2። ከእርጥብ ወደ የተኛ ውሃ ሲታለፍ ነጥቡ በአንዴ ሦስት ደረጃ እንደሚወርድ ልብ ይሏል። አብራሪው ይህን ነጥብ ይዞ የሚያስፈልገውን የማረፊያ ርቀት ያሰላል፤ ካልበቃው በአየር ላይ ይጠብቃል ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ ያቀናል።

የሥርዓቱ አመጣጥ ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 በቺካጎ ሚድዌይ ማረፊያ በበረዷማ ምሽት ያረፈ ቦይንግ 737 መቆም ተስኖት አጥሩን ጥሶ ወጣ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት አንድም ሰው አልሞተም። የሞተው ከአጥሩ ውጭ በሚያልፍ መኪና ውስጥ የነበረ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ከዚያ በኋላ የጀመሩት ጥናት ነው አድጎ የዛሬው የነጥብ ሥርዓት የሆነው። በሐምሌ 2007 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ በዝናብ ያረፈ አውሮፕላን መንደርደሪያውን አልፎ ከሕንፃ ጋር ሲጋጭ ከሞቱት 199 ሰዎች 12ቱ በምድር ላይ የነበሩ ናቸው። በዚያ አደጋ የሞተር መቆጣጠሪያ እጀታ አቀማመጥ ዋና ጉዳይ ሆኖ ቢነሣም፣ መንደርደሪያው ታድሶ ውሃ ማንሸራሸሪያ ቦዮቹ ሳይቀረጹ መከፈቱ ብዙ አነጋግሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሥራው በሦስት ተቋማት የተከፋፈለ ነው። ሰማዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ መደበኛ ምልከታ፣ ድንገተኛ ለውጥ ሲኖር ደግሞ ልዩ ዘገባ ያወጣል። መንደርደሪያውን የሚያስተዳድረው፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከተቀላቀለው ወዲህ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ነው። ከአብራሪው ጋር በሬዲዮ የሚነጋገሩት ተቆጣጣሪዎች ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ናቸው። ሚቲዎሮሎጂ በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 201 ራሱን የቻለ ድርጅት ከመሆኑ በፊት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ይገኝ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። መለያየቱ ትክክል ነበር፤ ግብርናውም ውሃ ሀብቱም ትንበያ ያስፈልጋቸዋልና። ሆኖም አንድ ዶፍ ሦስት ተቋማትን በአንድ ጊዜ የሚያዳርስ ጉዳይ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚረዳው የሥርዓቱ ፈተና መሣሪያ አይደለም፤ ርክክብ ነው። ተመልካቹ ዶፍ መጀመሩን ይዘግባል። መርማሪው በመኪና ወጥቶ ሦስቱን ክፍሎች ያያል። ተቆጣጣሪው ነጥቡን ለአብራሪው ይነግራል። ክረምት ከሰዓት በኋላ ግን የዝናብ ሁኔታ በአሥር ደቂቃ ይለወጣል። የመጀመሪያው ሰው ያየው ነገር የመጨረሻው ሰው ጆሮ ሲደርስ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ደብዳቤ በሦስት መዝገብ ቤት ሲያልፍ የሚወስደው ጊዜ አለ። በመንደርደሪያ ላይ ይህ ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ስለዚህ በየተቋሙ «ዘገባችንን በወቅቱ አውጥተናል» የሚለው መልስ አይበቃም። መለካት ያለበት ዝናቡ መሬት ከነካበት እስከ አብራሪው ጆሮ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ሲሆን፣ ለዚህም ሦስቱም በጋራ ተጠያቂ ሊሆኑ ይገባል።

አራተኛው ባለድርሻ በስብሰባው ላይ አይገኝም። እርሱም የአካባቢ አስተዳደር ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ከማረፊያው በስተደቡብ ዝቅ ብሎ የሚገኝ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ እንደ ቱሉ ዲምቱ ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተገነቡበት ክፍለ ከተማ ነው። ከቦሌ አካባቢ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ደቡብ አቅንቶ የአቃቂን ወንዝ ይቀላቀላል። ማንኛውም ማፋሰሻ ደግሞ መውጫው ከተደፈነ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። በወንዝ ዳርቻ ላይ የሚሰጥ የግንባታ ፈቃድ፣ በቦይ ውስጥ የሚደፋ የግንባታ አፈር ጉዳታቸው በቅድሚያ የሚታየው በታችኛው ነዋሪ ላይ ነው፤ ከፍ ሲልም ላይኛውን ያዳርሳል።

ጭስና ጉምም እንዲሁ ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ቀዝቃዛው አየር ከእንጦጦ ተዳፋት ተንሸራቶ በታችኛው ሜዳ ይተኛል። ከማገዶና ከሚቃጠል ቆሻሻ የሚወጣው ጭስ ከዚህ አየር ጋር ይቆያል፤ ንጋት ላይም እይታን ይቀንሳል። በቀን ሲቃጠል የሚበተነው ጭስ ለሊት ሲቃጠል አይበተንም። የሕንፃ ቁመት በአንጻሩ ለአቃቂ ቃሊቲ ቀላሉ ጉዳይ ነው። ከመንደርደሪያው ዙሪያ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከማረፊያው ወለል 45 ሜትር በላይ እንዳይታለፍ የሚጠይቀው ዓለም አቀፍ ወሰን በዋነኛነት የሚነካው የቦሌን ክፍለ ከተማ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ወፍ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት፣ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፍተው ሜዳ ላይ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጡ። የሰማይ ነጎድጓድ ያላደረሰውን እርግብ አደረሰ። በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት ወፍ የሚስቡ ተግባራት፣ በተለይም የቆሻሻ መጣያዎች፣ ከማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባይኖሩ ይመረጣል። ይህ ቀለበት ከአቃቂ ቃሊቲ ሰፊውን ክፍል ይሸፍናል። የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከቀለበቱ ውጭ ቢሆንም፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች በየዓመቱ ያርፉበታል። ወፍ ደግሞ በአንድ ስፍራ አድሮ በሌላ ስፍራ ይውላል። ክፍት የሥጋ ተረፈ ምርት፣ ያልተሸፈነ የቆሻሻ ገንዳ፣ ቆሞ የሚቀር ውሃ በበዙ ቁጥር ጥንብ አንሣና ጭላት በማረፊያው ሰማይ የሚመላለሱበት ምክንያት ይበዛል። በወረዳ ደረጃ የጽዳት ኃላፊ የሆነ ባለሙያ ቆሻሻ የሚነሣበትን ቀን ሲወስን ስለ አቪዬሽን ደኅንነት እየወሰነ መሆኑን የነገረው ሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ በቅርቡ ያበቃል ብለው ያስባሉ። ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ የተጀመረው የቢሾፍቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ 12 ነጥብ 5 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጪ የተያዘለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ሥራ እንደሚጀምርና አራት መንደርደሪያዎች እንደሚኖሩት ተገልጿል። ስፍራው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከላይ የተመለከትነው ስሌት በዚያ ይቃለላል፤ ተጨማሪ ነዳጅና ጭነት መያዝ ይቻላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች አይቀየሩም። አንደኛ፣ እስከዚያው ድረስ ያሉትን ክረምቶች የሚሸከመው ቦሌ ነው፤ ያውም በታሪኩ ከፍተኛውን የበረራ ብዛት እያስተናገደ። ሁለተኛ፣ ቢሾፍቱ የሐይቆች አገር ናት። ጨለቅለቃን የመሰለ ረግረግ ለወፍ ተመልካቾች የታወቀ ነው፤ አፈሩም መረሬ የሚበዛበት ነው። በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል የሚገኘው ደግሞ አቃቂ ቃሊቲ ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ የወደፊቱ ተጓዥም የሚያልፈው በዚሁ ነው። ክፍለ ከተማው ዛሬ ለቦሌ ሲል የሚማረው ነገ ለቢሾፍቱም ያገለግለዋል።

ለዚህ አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም። ሦስቱ ተቋማት ከክረምት በፊት በሚያደርጉት ዝግጅት ላይ የአቃቂ ቃሊቲና የቦሌ ክፍለ ከተሞች የመሬት፣ የግንባታ ፈቃድና የጽዳት ኃላፊዎች ቢገኙ፣ የ13 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት በክፍለ ከተማው የፕላን ካርታ ላይ ቢሰመር፣ የወፍ እንቅስቃሴ መረጃም ለወረዳዎች ቢደርስ የሚጠይቀው ወጪ የስብሰባ አበል ያህል ነው። የማፋሰሻ ቦዮች የሚጠረጉበት ጊዜ ግንቦት ነው። ስደተኞቹ ወፎች የሚመጡት ደግሞ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው።